ከምጣድ እስከ ሰማይ፤ የአየርን ጠባይ ከላይ ሆኖ ስለሚያነበው መሣሪያ

(በዓለም ከተማ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በትምህርት ንዑስ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)




 በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

በጉባኤያችን ላይ ዘወትር የሚነሣው የመዋጮ፣ የድንኳን፣ የድስትና የወንበር ጉዳይ ነው። የዛሬው ርእሳችን ግን ከዚህ ወጣ ያለ ነው። «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» እንዳትሉን ምክንያታችንን አስቀድመን እንናገራለን።

ባለፈው ኅዳር በአንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ሁለት ነገር ተነሣ። አንደኛው፣ ከመንዝ ለልቅሶ የመጡ ዘመዶቻችን ያወሩን ነው። ማታ ለምለም ሆኖ ያደረ ባቄላና ገብስ በአንዲት ሌሊት ውርጭ ተመትቶ፣ ጧት ሲያዩት የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠበቃቸው። ከመካከላችን አንዱ ሽማግሌ «ይህን ሁሉ ሳተላይት ሰማይ ላይ ሰቅለው፣ ያቺን አንዲት ሌሊት እንዴት አልነገሩንም?» ብለው ጠየቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ የአንድ አባታችን ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ መርጧል፤ ከሰማይ ሆኖ አየርን የሚመረምር መሣሪያ መሥራት እፈልጋለሁ ይላል አሉ። «ወደ ሌላ ትምህርት ተዛወር ልበለው ወይስ ልተወው? ይህ ምን እንጀራ ይሆነዋል?» ብለው ዙሪያውን አዩን። ያን ዕለት የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። እኛም አንብበንና ጠይቀን በጉባኤው ላይ እንመልሳለን ብለን ቃል ገባን። እነሆ የዛሬው ንግግራችን ያንን ቃል ለመፈጸም ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየቅል ቢመስሉም ሥራቸው አንድ መሆኑን ወደፊት ታያላችሁ።

ነገሩን ከጓዳ እንጀምረው። እናቶቻችን እንደሚያውቁት እንጀራ ተጋግሮ ካበቃና እሳቱ ከተዳፈነ በኋላ ምጣዱ ብርሃን የለውም። እጃችሁን ሳታስነኩ ጠጋ ብታደርጉ ግን ሙቀቱ ይጠብሳችኋል። ታዲያ ከምጣዱ ወጥቶ እጃችሁን የነካው ምንድን ነው? እሱም ብርሃን ነው፤ ዓይናችን የማያየው ብርሃን። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የተባለ በእንግሊዝ አገር የሚኖር የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት ከፍሎ የእያንዳንዱን ቀለም ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካ ነበር። ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም ከማይታይበት ስፍራ ሲያኖረው ይበልጡን ሞቀ። ይህ የማይታይ ብርሃን ኢንፍራሬድ፣ በእኛ ቋንቋ ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል።

ይህን ጨረር የሚያወጣው ምጣድ ብቻ አይደለም። ሰውም፣ ከብትም፣ ድንጋይም፣ ማሳም ሌት ተቀን ያወጡታል። ከመሬት የሚወጣው በብዛት የሞገዱ ርዝመት 10 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ነው። እንግዲህ የመንዙን ውርጭ እዚህ ላይ እናገኘዋለን። ማሳው ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ደመና ካለ፣ ደመናው እንደ መንዝ ባና ሆኖ ሙቀቱን ይይዝና ወደ ታች ይመልሳል። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን አየሩ ከ8 እስከ 12 ማይክሮን ድረስ ላለው ጨረር ክፍት መስኮት ነው። ነፋስ ከሌለና አየሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ማሳው ሙቀቱን በዚያ መስኮት አውጥቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ያቺ ከዋክብት የተንቆጠቆጡባት የምታምር ሌሊት ናት ባቄላውን የገደለችው። አባቶቻችን ይህን በልምድ ያውቁታል፤ «ሰማዩ ጠርቷል፣ ዛሬ ውርጭ አለ» ይሉ የለ?

መስኮቱ ግን በሁሉም በኩል ክፍት አይደለም። የውሃ ተን በ6.3 ማይክሮን አካባቢ፣ ኦዞን የተባለው አየር በ9.6፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በ15 ማይክሮን አካባቢ ጨረሩን ይይዙታል፤ መልሰውም ያወጡታል። ከብት በጆሮው ቁርጥ ወይም በሰንበሩ የማን እንደሆነ እንደሚለይ፣ እያንዳንዱም አየር በሚይዘው የጨረር ዓይነት ይለያል። ይህን ምልክት የሚያነበው መሣሪያ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ከሰማይ ላይ ሆኖ ምልክቱን ማንበብ የቻለ ሰው፣ አየሩን ሳይነካ ምን ምን እንዳለበት፣ ምን ያህል እንደሆነና ምን ያህል እንደሚሞቅ ማወቅ ይችላል።

ፕላኔት ሲባል ብዙዎቻችን ሩቅ ያለችውን እናስባለን። ምድራችንም ፕላኔት ናት። ያው አንድ ዓይነት መሣሪያ ለሁለቱም ይሠራል። ለምሳሌ ማሪነር 9 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 ማርስን መዞር ስትጀምር ሌላ ፕላኔትን የዞረች የመጀመሪያዋ ሆነች። በደረሰች ጊዜ ግን ማርስ በሙሉ በአቧራ ማዕበል ተሸፍና ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራ ከአቧራ በቀር የሚያየው አልነበረውም። የኢንፍራሬዱ መሣሪያ ግን ሥራ አልፈታም። የአየሩን ሙቀት ለካ፤ አቧራው ራሱ ከምን ዓይነት ድንጋይ እንደ መጣም ከጨረሩ አነበበ። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ማርስ የደረሰችው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንኮራኩር፣ ኤምሬትስ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆና ያሠራችውን የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ይዛለች።

አሁን መሣሪያው እንዴት እንደሚታቀድ እንይ። ለምሳሌ የምንወስደው ሚፓስ የተባለውን የአውሮፓውያን መሣሪያ ነው። ይህን የመረጥነው የኛ አገር ሰው እጅ ስለገባበት ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን። ሚፓስ ከ8 ቶን በላይ በሚመዝነው ኤንቪሳት በተባለ ሳተላይት ላይ ተጭኖ የካቲት 22 ቀን 1994 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ወጣ። 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን በ100 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራት ነበር።

አንደኛው የአቅድ ጥያቄ ወዴት እንመልከት የሚለው ነው። በበጋ ከከተማችን ጠርዝ ቆማችሁ ሽቅብ ብታዩ ሰማዩ ሰማያዊና ንጹሕ ነው። ከጀማ ሸለቆ ማዶ ያለውን ተራራ ስታዩ ግን በጭጋግና በአቧራ ደብዝዟል። አየሩ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ጎን ስናይ ዓይናችን ብዙ አየር ማቋረጡ ነው። ሚፓስም እንደዚሁ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ የምድርን ጠርዝ እያየ፣ ከ6 እስከ 68 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለውን አየር እንደ እንጀራ ክምር በየንብርብሩ ያነብ ነበር። በዚህ መንገድ እጅግ ጥቂት የሆነውም አየር ይታያል። ጉዳቱ ደግሞ የትኛው ስፍራ ላይ እንዳለ በትክክል አለመለየቱ ነው፤ መሬቱንም ጨርሶ አያይም። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያይ መሣሪያ በአንጻሩ ስፍራውን ያውቃል፤ ከፍታውን ግን ያቀላቅላል። ሁለቱንም ባንድ ላይ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ አቃጁ የሚፈልገውን አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ጨረሩን እንዴት እንለያየው የሚለው ነው። ሚፓስ የሚጠቀመው አልበርት ማይክልሰን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1881 በፈለሰፈው ዘዴ ነው። የመጣውን ጨረር ግማሹን የሚያሳልፍ ግማሹን የሚመልስ መስተዋት ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለቱ በየመንገዳቸው ሄደው፣ ከሌሎች መስተዋቶች ተመልሰው እንደገና ይገናኛሉ። በኩሬ ውኃ ላይ ሁለት ጠጠር ብትጥሉ ሁለቱ ክብ ሞገዶች ሲገናኙ ጉብታው ከጉብታው ጋር ሲገጥም ይበረታል፤ ከጎድጓዳው ጋር ሲገጥም ይጠፋል አይደል? ጨረሩም እንዲሁ ነው። መስተዋቱ ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ ይበረታል፣ ይደክማል። መሣሪያው የሚጽፈው ይህን መበርታትና መድከም ነው። ከዚያ በኋላ ፉሪዬ የተባለው የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ ባስተማረው ስሌት፣ ኮምፒዩተር የተደባለቀውን ወደየቀለሙ ይለየዋል። በሠርግ ቤት ከበሮው፣ ማሲንቆውና ዘፈኑ ተደባልቆ ሲሰማ ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉንም ለይቶ እንደሚሰማ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። የሁለቱ ጨረሮች የመንገድ ልዩነት በረዘመ ቁጥር የሚቀራረቡ ቀለማት በጥራት ይለያሉ። በሚፓስ ይህ ልዩነት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ቅዝቃዜ ነው። ሁሉም ነገር የሙቀት ጨረር ያወጣል ብለናል፤ መሣሪያው ራሱም ያወጣል። በእጁ ችቦ የያዘ ሰው ማዶ ያለውን ኩራዝ አያይም። ስለዚህ የሚፓስ የጨረር መቀበያ ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንዲቀዘቅዝ የሚያደርግ ማሽን ተሠራለት። ይህም ኃይል ይበላል፤ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ መስተዋቱን እንዳያናውጥ ሌላ ብልሃት ይፈልጋል። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይነሣል፤ የመሐንዲስ ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው።

አራተኛው ሐቀኝነት ነው። በገበያ ጥሩ ነጋዴ እህል ከመመዘኑ በፊት ባዶውን ሚዛን ያሳያል፤ ከዚያ ኪሎው የታወቀ ብረት አስቀምጦ ያረጋግጣል። ሚፓስም በየጊዜው ፊቱን ወደ ባዶው ጨለማ ሕዋ ያዞር ነበር፤ ያ ባዶ ሚዛኑ ነው። ከዚያም ሙቀቱ በትክክል የታወቀ፣ በውስጡ የተሠራ ጥቁር አካል ያይ ነበር፤ ያ ብረቱ ነው። ይህ ካልተደረገ ንባቡ ሁሉ ወሬ ብቻ ይሆናል። የእድራችንን ሒሳብ በየዓመቱ ኦዲተር እንደሚያየው ቁጠሩት።

አምስተኛው፣ ከላይ የሄደ ነገር አይጠገንም። በመጋቢት 1996 ዓ.ም. የሚፓስ ተንቀሳቃሽ መስተዋት መንሸራተቻው እየተቸገረ መጣና ሥራው ቆመ። 800 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ዘይት የሚቀባው ሰው የለም። ባለሙያዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1997 ዓ.ም. መስተዋቱን በአጭሩ፣ የመንገድ ልዩነቱን ከ20 ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀንሰው አስነሡት። ከላይ በነገርናችሁ ሕግ መሠረት የቀለም ጥራቱ ቀነሰ። ነገር ግን አንዱ ንባብ ባጠረ ጊዜ ይፈጸም ስለ ነበር ብዙ ንባብ መሰብሰብ ተቻለ። ያረጀ በሬ ሙሉ ቀን ማረስ ቢያቅተው ጧት ጧት ያርሳል እንደ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ከሳተላይቱ ጋር ግንኙነት እስከ ተቋረጠበት እስከ መጋቢት 30 ቀን 2004 ዓ.ም. ድረስ አገለገለ። ኤንቪሳት ዛሬም ዝም ብሎ ይዞራል።

አሁን ወደ እኛ ሰው እንምጣ። ሚፓስ ከላከው ንባብ ውስጥ አየሩን ለይቶ ማውጣት ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ከሠሩት መካከል በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ የነበረው ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ግዛው መንግሥቱ ጽዱ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ዋልታ የፀደይ ወራት በላይኛው አየር ውስጥ ስለ ነበረው ከናይትሮጂንና ከኦክሲጂን የተሠራ አየር፣ ከባልደረቦቹ ጋር ከሚፓስ ንባብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትሟል። እነዚህ የናይትሮጂን ዝርያዎች ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን ኦዞን ከሚነካው ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በካርልስሩኸ ተቋም ትብብር በአዲስ አበባ፣ 2,443 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የዚያው ዘዴ ዘመድ የሆነ የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ተተከለ። ይህኛው ከምድር ወደ ላይ ፀሐይን እያየ፣ የፀሐይ ጨረር በአየራችን ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደ ጎደለበት ያነባል። ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ሳተላይት ከላይ ሆኖ «በኢትዮጵያ ሰማይ ይህን ያህል ኦዞን አለ» ሲል ከታች ሆኖ «እውነት ነው» ወይም «ተሳስተሃል» የሚል ምስክር ያስፈልገዋል። በምድር ወገብ አካባቢ እንዲህ ያለ ምስክር እጅግ ጥቂት ነበር። ዶክተር ግዛውና ተማሪዎቹም የአዲስ አበባውን የኦዞን ንባብ ከሳተላይቶቹ ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። በዚህ ጉዳይ የኛ ደጋ ለዓለም ሚዛን ማስተካከያ ብረት ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው። ሌላም እንጨምር፤ በአሜሪካ በናሳ የጎዳርድ ማዕከል የሚሠራው ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ፣ ሞገዱ ከኢንፍራሬድ ረዘም ባለ ጨረር በጨረቃ ላይ ውኃን ለመለየት የሚያገለግል ስፔክትሮሜትር ሲያበለጽግ ቆይቷል።

ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንመለስ።

የመጀመሪያው፣ ያቺን ሌሊት ለምን አልነገሩንም የሚለው ነበር። ሚፓስ መሬቱን ስለማያይ ስለ ውርጭ ሊነግረን አይችልም ነበር። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈቻት 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን ሳተላይትም መሬትን ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሠራች እንጂ የአየርን ሙቀት ለማንበብ አልነበረችም። ለአየር ትንበያ የሚያገለግለው ሌላ ነው። ኢያሲ የተባለው የኢንፍራሬድ መሣሪያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሜቶፕ ሳተላይቶች ላይ ሆኖ ወደ ታች እያየ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት ያነባል፤ ንባቡም ለዓለም የአየር ትንበያ ይገባል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ንባብ ስፋት በጥሩው ጊዜ 12 ኪሎ ሜትር ነው። በእኛ አገር 12 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ነገር አለ? ደጋውና ቆላው፣ ገብሱና ማሽላው በአንዲት ነጥብ ውስጥ ይቀላቀላሉ። ውርጭ ደግሞ የቀዘቀዘ አየር እንደ ውኃ ወርዶ በሚተኛበት ጎድጓዳ ስፍራ ይብሳል፤ የአንዱን ማሳ መትቶ ከፍ ብሎ ያለውን የጎረቤቱን ይተወዋል። ስለዚህ ትንበያው «በሰሜን ሸዋ ደጋማ ስፍራዎች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል» ሊል ይችላል። «የእገሌ ባቄላ ዛሬ ይሞታል» ለማለት ግን ከላይ ያለው ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ከታች ደግሞ መዝግቦ የሚያቆይ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአባታችን ጥያቄ ነው። እርስዎን ለማስደሰት ስንል «ልጅዎ ነገ ሳተላይት ይሠራል፣ ይበለጽጋል» ብለን አንዋሽም። መንገዱ ረጅም ነው፤ በአገራችን ለዚህ ሙያ የተከፈተ የሥራ በር ጠባብ ነው፤ ከኛ አካባቢ የወጣ ልጅ ደግሞ ከኋላው የሚደግፈው ገንዘብ እንደሌለው እናውቃለን። የተረዳነውን ግን እንንገርዎ። ይህን መሣሪያ የሚያቅድ ሰው የኤሌክትሪክ፣ የመስተዋት፣ የማቀዝቀዣ፣ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሥራ ይማራል። እነዚህ ሙያዎች በሆስፒታልም፣ በመገናኛም፣ በአየር ትንበያም ይፈለጋሉ። ሳተላይቱ ባይገኝ እጁ ባዶ አይቀርም። ደግሞስ በለቅሶ ቤት ያነሣነውን የመጀመሪያ ጥያቄ ሊመልስልን የሚችለው ማን ነው? መንዝን የሚያውቅ፣ ውርጭ ምን እንደሚያደርግ በዘመዶቹ ማሳ ያየ ልጅ አይደለም ወይ? በሌላ አገር ያለ ሊቅ የእኛን ጎድጓዳ ማሳ አያውቀውም። ስለዚህ ውሳኔው የእርስዎና የልጅዎ ሆኖ፣ የእኛ ምክር «አይዞህ፣ ጽና፤ ኮምፒዩተሩንና ኤሌክትሮኒክሱን ግን አጥብቀህ ያዝ» ይበሉት የሚል ነው።

በመጨረሻም ንዑስ ኮሚቴያችን አንድ ትንሽ ሐሳብ ለጉባኤው ያቀርባል። የእድሩ ገንዘብ ሳይነካ፣ ፈቃደኛ የሆንን አባላት አዋጥተን ጥቂት ቴርሞሜትሮች እንግዛ። ተማሪ ልጆቻችን በየጧቱ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሰማዩ ጠርቶ ወይም ደምኖ ማደሩን፣ ነፋስ መኖር አለመኖሩን በደብተር ይጻፉ። በመንዝ ያሉ ዘመዶቻችንም እንዲሁ ያድርጉ፤ ቴርሞሜትሩም አንዱ በጎድጓዳው፣ አንዱ በጉብታው ይሁን። ከጥቂት ዓመት በኋላ የትኛው ማሳ መቼ እንደሚመታ የሚናገር መዝገብ ይኖረናል፤ ባቄላውን ወዴት እንደምንዘራ እሱ ይመክረናል። ደብተሩም አንድ ቀን ከላይ ያለውን ዓይን የሚያርም ምስክር ሊሆን ይችላል።

እድር ማለት አንዱ የሚሸከመውን ሁላችን መሸከም ነው። የቀብር ሣጥን በጋራ እንደምንሸከም የአንድን ልጅ ትምህርትና የአንድን ዘመድ ማሳም በሐሳብ በጋራ ብንሸከም ከደንባችን የወጣን አይመስለንም።